ከዋክብት ሁሉ ከአንድ ነገር አልተሠሩም፦ በረጨቶች (ጋላክሲዎች) ውስጥ ያለው የንጥረ ነገሮች ልዩነት ከየት መጣ?

ደብረ ብርሃን ስሟን ያገኘችው በሰማይ ላይ ከታየ ብርሃን እንደሆነ ሲነገር ኖሯል። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ብርሃኑን አይተው በስፍራው ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፤ ከተማቸውንም እዚያው ተከሉ ይባላል። አንዳንድ የታሪክ ጸሐፊዎች ብርሃኑን በ1456 እ.ኤ.አ. ከታየችው የሃሌይ ጅራታም ኮከብ ጋር ያያይዙታል፤ ሆኖም ትውፊቱ የሚጠቅሰው ወር መጋቢት ሲሆን ጅራታሟ ኮከብ ጎልታ የታየችው በሰኔ በመሆኑ ነገሩ በትክክል አይገጥምም። ያም ሆነ ይህ በሰሜን ሸዋ ደጋ ወደ ሰማይ አንጋጦ ምልክት መፈለግ የቆየ ነገር ነው። ዛሬ የሚፈለገው ምልክት ግን ሌላ ነው። ተመራማሪዎች የከዋክብትን ብርሃን እየዘረዘሩ በውስጡ ምን ምን ንጥረ ነገር እንዳለ ይቆጥራሉ።

ከዚህ ቆጠራ የሚወጡ ዜናዎች በአማርኛ ተተርጉመው ሲደርሱን ብዙ ጊዜ ግራ ያጋባሉ። «በብረታ ብረት የደኸየ ኮከብ» የሚል ርዕስ የሚያነብ ሰው ሌሎቹ ከዋክብት ከብረት የተሠሩ ይመስለዋል። የጄምስ ዌብ ቴሌስኮፕ የመጀመሪያ ምስሎቹን በ2022 እ.ኤ.አ. ባወጣ ሰሞን ደግሞ «የታላቁ ፍንዳታ ንድፈ ሐሳብ»፣ ማለትም ዩኒቨርስ ከታላቅ ፍንዳታ ጀመረ የሚለው፣ «ፈረሰ» የሚል ወሬ በማኅበራዊ መገናኛ ተዛመተ። ከዚህ ሁሉ መካከል በአንባቢው አእምሮ የሚቀረው «አሮጌ ኮከብ ድኻ ነው፣ አዲስ ኮከብ ሀብታም ነው» የሚል ቀላል ደንብ ነው። ደንቡ ከእውነቱ ግማሹን ብቻ ይዟል። ሌላው ግማሽ ኮከቡ የተወለደበት ስፍራና የዚያ ስፍራ ፍጥነት ነው፤ አንዱ አካባቢ ጋዙን ቶሎ ወደ ኮከብ ይለውጣል፣ ሌላው ያዘግማል። ሁለት እኩል ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት እጅግ የተለያየ ቅንብር ሊኖራቸው የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው።

«ሜታል» ሲባል ብረት ማለት አይደለም

የሥነ ፈለክ ባለሙያዎች ከሃይድሮጅንና ከሂሊየም በቀር ያሉትን ንጥረ ነገሮች በሙሉ «ሜታል» ብለው ይጠራሉ። በዚህ አጠራር የምንተነፍሰው ኦክስጅንም፣ በከሰል ውስጥ ያለው ካርቦንም ሜታል ናቸው። አጠራሩ የቆየ የሙያው ልማድ ነው፤ ወደ አማርኛ በቀጥታ «ብረታ ብረት» ተብሎ ሲገባ ግን ትርጉሙ ይበላሻል። «ከባድ ንጥረ ነገሮች» ማለት የተሻለ ስለሆነ በዚህ ጽሑፍም ይኸው ተመርጧል። «ሜታሊሲቲ» የሚባለውም በአንድ ኮከብ ውስጥ የእነዚህ ከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ ነው።

ድርሻው ምን ያህል ነው? ከፀሐይ አንድ ኩንታል መስፈር ቢቻል 74 ኪሎ ገደማው ሃይድሮጅን፣ 25 ኪሎ ያህሉ ሂሊየም ይሆናል። ለተቀሩት ንጥረ ነገሮች በሙሉ የሚተርፈው ከ1 እስከ 2 ኪሎ ነው። በአቶሞች ብዛት ሲታይ በ1 ሚሊዮን የሃይድሮጅን አቶም አንጻር ፀሐይ ውስጥ ያለው ኦክስጅን 500 ገደማ፣ ብረት ደግሞ 30 ገደማ ነው። ምድር፣ አለቱ፣ ውኃውና ገብሱ የተሠሩት ከዚህች ጥቂት ድርሻ ነው።

ረጨት ወይም ጋላክሲ የምንለው በስበት የተያያዘ የከዋክብት፣ የጋዝና የአቧራ ስብስብ ነው። የእኛው ፍኖተ ሐሊብ ከ100 ቢሊዮን በላይ ከዋክብት አሉት። ልዩነቱ የሚታየው በአንዱ ረጨት ውስጥ ባሉ ከዋክብት መካከልም፣ በረጨቶች መካከልም ነው።

ሳይደርሱበት እንዴት ይለካል?

በሰማያዊው የቡታጋዝ ነበልባል ላይ ቁንጥር ጨው ቢበተን ነበልባሉ ወዲያው ቢጫ ሆኖ ይንቦገቦጋል። ቢጫው በጨው ውስጥ ያለው የሶዲየም ቀለም ነው። በአሮጌ ሲዲ ገጽ ላይ የተራ አምፖል ብርሃን ቢያርፍ ከቀይ እስከ ሐምራዊ ያልተቋረጠ ቀስተ ደመና ይታያል፤ ጨው የተበተነበት ነበልባል ብርሃን ቢያርፍ ግን በአንድ ስፍራ ላይ ቢጫው ጎልቶ ይወጣል። እያንዳንዱ ንጥረ ነገር የየራሱ ቋሚ ቀለሞች አሉት፤ የአንዱ ከሌላው አይምታታም።

በከዋክብት ላይ ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው። ከውስጥ የሚወጣው ብርሃን በኮከቡ ቆዳ ላይ ባለው ቀዝቀዝ ያለ ጋዝ ውስጥ ሲያልፍ ጋዙ የየንጥረ ነገሩን ቀለም እየመረጠ ያስቀረዋል፤ በተዘረጋው ኅብረ ቀለም ላይም ጥቁር መስመሮች ይቀራሉ። ጀርመናዊው ጆሴፍ ፍራውንሆፈር በ1814 እ.ኤ.አ. በፀሐይ ብርሃን ላይ ከ500 በላይ እንዲህ ያሉ መስመሮችን መዘገበ። ትርጉማቸውን ኪርሾፍና ቡንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች የፈቱት በ1860 እ.ኤ.አ. አካባቢ ነው።

ቀጥሎ የሆነው ቆም ብሎ ሊታይ የሚገባው ነው። በፀሐይ ብርሃን ላይ የብረት መስመሮች እጅግ ብዙ ስለሆኑ ባለሙያዎቹ ፀሐይ ከምድር ጋር ተመሳሳይ ቅንብር እንዳላት ያምኑ ነበር። ሲሲሊያ ፔይን የተባለች ወጣት ተመራማሪ በ1925 እ.ኤ.አ. ባቀረበችው የዶክትሬት ጽሑፍ የመስመሩ ጉልህነት በንጥረ ነገሩ መጠን ብቻ ሳይሆን በሙቀቱም እንደሚወሰን አስልታ፣ ከዋክብት በአብዛኛው ሃይድሮጅን መሆናቸውን አገኘች። በዘመኑ አንጋፋ የነበረው ሄንሪ ኖሪስ ራስል ውጤቱ ሊሆን አይችልም ብሎ ስለተቃወማት በጽሑፏ ውስጥ «ከሞላ ጎደል በእርግጠኝነት እውነት አይደለም» የሚል ማለዘቢያ ለመጨመር ተገደደች። ራስል ራሱ ከአራት ዓመት በኋላ በሌላ መንገድ እዚያው ውጤት ላይ ደረሰ። ዛሬም በዚህ መስክ የሚወጣ ቁጥር ሁሉ ከሙቀትና ከግፊት ስሌት ጋር የተያያዘ ነው፤ የፀሐይ ከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ 1.3 በመቶ ነው ወይስ ወደ 1.8 በመቶ ይጠጋል የሚለው ክርክር እንኳ ገና አልተዘጋም።

ፈጣኑና ዝግተኛው ምንጭ

ከታላቁ ፍንዳታ በኋላ በነበሩት ጥቂት ደቂቃዎች የተሠሩት ሃይድሮጅን፣ ሂሊየምና ኢምንት ሊቲየም ናቸው። የቀረው ሁሉ ከሞላ ጎደል የከዋክብት ሥራ ነው። አንድ ትውልድ ከዋክብት ሲሞት የሠራውን ወደ ጋዙ ይመልሳል፤ ቀጣዩ ትውልድም ከዚያው ጋዝ ይወለዳል። ባልትና የሚያውቅ ሰው ነገሩን ከእርሾ ጋር ሊያመሳስለው ይችላል፦ ከትናንቱ ሊጥ የተረፈው ለዛሬው ይጨመራል፣ የዛሬውም ለነገ ያስተርፋል።

ዋናው ነገር ምንጮቹ በአንድ ፍጥነት አለመሥራታቸው ነው። ከፀሐይ ከ8 እጥፍ በላይ የሚከብዱ ከዋክብት ነዳጃቸውን በጥቂት ሚሊዮን ወይም በጥቂት አሥር ሚሊዮን ዓመታት ይጨርሱና ይፈነዳሉ። ፍንዳታው ሱፐርኖቫ ይባላል። ከዚህ ፈጣን ምንጭ በብዛት የሚወጡት ኦክስጅን፣ ማግኒዚየም፣ ሲሊከንና ካልሲየም ናቸው። የካቲት 16 ቀን 1979 ዓ.ም. ብርሃኑ ምድር የደረሰው ሱፐርኖቫ ከዚህ ዓይነት ሲሆን፣ ከፀሐይ ክብደት 7 በመቶ የሚሆን ኋላ ወደ ብረት የሚለወጥ ኒኬል እንደወጣው ተለክቷል። ይህ በምድራችን ክብደት ቢመዘን ከ20,000 ምድር ይበልጣል።

ሁለተኛው ምንጭ ዝግ ያለ ነው። እንደ ፀሐይ ያለ ኮከብ ሲያረጅ የሚተርፈው የታመቀ እምብርት «ነጭ ድንክ» ይባላል። ነጭ ድንኩ ከጎረቤት ኮከብ ጋር ተጣምሮ ከሆነ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሊፈነዳ ይችላል። ለዚህ በመቶ ሚሊዮኖች፣ አንዳንዴም በቢሊዮን የሚቆጠሩ ዓመታት ያስፈልጋሉ። አንዱ ፍንዳታ የሚያመነጨው ብረት ግን በ1979 ዓ.ም. ከታየው የስምንትና የዘጠኝ እጥፍ ያህል ነው። በመንዝ እርሻ ላይ የሚውል ማረሻ ቢታሰብ፣ ከብረቱ ግማሽ ያህሉ ወይም ከዚያ በላይ ከዝግተኛው ምንጭ የመጣ ነው፤ በሚያርሰው እርጥብ አፈር ውስጥ ባለው ውኃ ያለው ኦክስጅን ግን ከሞላ ጎደል በሙሉ ከፈጣኑ ነው።

ስለዚህ በአንድ ኮከብ ውስጥ ማግኒዚየም ከብረት ጋር ያለው ንጽጽር እንደ ሰዓት ያገለግላል። ማግኒዚየሙ ከብረቱ አንጻር ከፍ ያለ ከሆነ ኮከቡ የተወለደው ዝግተኛው ምንጭ ገና ሳይደርስ ነው ማለት ነው። የብረቱ መጠን ብቻውን ይህን አይነግረንም።

ከመሀል ወደ ዳር

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ በጣርማ በር አድርጎ ወደ ደብረ ሲና፣ ከዚያም ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርድ መንገደኛ ገብሱና ባቄላው በማሽላና በማሾ ሲተካ ያያል። የአንድ አገር መሬት ሆኖ የሚያበቅለው እንደ ከፍታው ይለያያል። እንደ ፍኖተ ሐሊብ ያሉ ጠፍጣፋ ረጨቶችም ተመሳሳይ ቁልቁለት አላቸው። በፀሐይ አካባቢ ያሉ ወጣት ከዋክብት ሲለኩ፣ ከመሀል ወደ ዳር 3,260 የብርሃን ዓመት በተጓዝን ቁጥር የከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ ከአንድ አሥረኛ ትንሽ በሚበልጥ መጠን ይቀንሳል። የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ሲሆን፣ ፀሐይ ከረጨቱ መሀል 26,000 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች።

ለምን ሆነ? በመሀል ጋዙ ጥቅጥቅ ያለ ስለነበር ኮከብ የመፍጠሩ ሥራ ቀድሞ ጀመረ፣ በፍጥነትም ሄደ፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ተደራረበ። በዳር ጋዙ ሳስቷል፣ ሥራውም ዘግይቷል፤ ከውጭ የሚወርድ ያልተነካ ጋዝም ያለውን ያቀጥነዋል። ረጨቱ «ከውስጥ ወደ ውጭ» አደገ የሚለው ማብራሪያ ይህ ነው።

የመንገዱ ምሳሌ የሚያቆምበት ቦታ ግን አለ። ገብስ በበቀለበት ይታጨዳል፤ ከዋክብት ግን ይሰደዳሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. ሴልዉድና ቢኒ የተባሉ ተመራማሪዎች የረጨቱ ጠመዝማዛ ክንዶች ከዋክብትን ከተወለዱበት ርቀት ወደ ሌላ ሊያሸጋግሩ እንደሚችሉ አሳዩ። ለዚህም ነው በፀሐይ ዙሪያ እኩል ዕድሜ ያላቸው ከዋክብት በከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ በሰፊው ተለያይተው የሚገኙት። ፀሐይ ራሷ ከእኩዮቿ ጎረቤቶች ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ ስላላት፣ ወደ መሀሉ ቀረብ ባለ ስፍራ ተወልዳ ወደዚህ እንደመጣች የሚያምኑ ብዙ ናቸው።

የዕድሜን ደንብ ይበልጥ የሚያፈርሰው የረጨቱ መሀል ነው። ክረምቱ አልፎ ሰማዩ ሲጠራ፣ በመስከረም መጨረሻ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ከጓሳ ሜዳ ወደ ደቡብ ምዕራብ የሚመለከት ሰው የፍኖተ ሐሊብን እጅግ ደማቅና ሰፊ ክፍል ያያል። የረጨቱ መሀል በዚያ አቅጣጫ፣ ከአቧራው ጀርባ ነው። በመሀሉ እብጠት ካሉት ከዋክብት አብዛኞቹ 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላቸው፤ ሆኖም ብዙዎቹ በከባድ ንጥረ ነገሮች ከፀሐይ ጋር ይስተካከላሉ፣ ይበልጧታልም። ረጨቱን እንደ ሉል የሚከበውና «ሃሎ» የሚባለው ክፍልም አሮጌ ከዋክብት አሉት፤ የእነዚህ ብረት ግን ብዙ ጊዜ ከፀሐይ አንድ ሠላሳኛ ያህል ነው። ዕድሜያቸው ተቀራራቢ ነው፤ የተለየው ያደጉበት ስፍራ ነው።

ትልቁ ድስትና ትንሹ ድስት

ሰሜን ሸዋ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 10 ዲግሪ ገደማ ላይ በመሆኑ ለዚህ ጉዳይ የታደለ ሰማይ አለው። በኅዳር አጋማሽ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ፣ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት የምትርቀው አንድሮሜዳ በሰሜን በኩል ከፍ ብላ እንደ ደበዘዘ ጉም ትታያለች። በጥር ደግሞ ከምሽቱ 4 ሰዓት ገደማ፣ በስተ ደቡብ ክፍት በሆነ ገደል አፋፍ ላይ ለቆመ ሰው ትልቁ የማጄላን ደመና ከአድማሱ በላይ፣ ክንድ ተዘርግቶ በአንድ ጭብጥ ከፍታ ላይ ይወጣል። የ1979ኙ ፍንዳታ የተከሰተው በዚህ ትንሽ ረጨት ውስጥ ነው። ትንሹ የማጄላን ደመና ከእርሱም ዝቅ ብሎ የሚወጣ ስለሆነ ለማየት ያስቸግራል።

የከባድ ንጥረ ነገሮች ድርሻ በትልቁ ደመና ከፀሐይ ግማሽ ያህል፣ በትንሹ ደመና አንድ አምስተኛ ያህል ነው። ይህ አጋጣሚ አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. ከ50,000 በላይ ረጨቶችን ያነጻጸረ ጥናት፣ ረጨቱ በከበደ ቁጥር ድርሻውም ከፍ እንደሚል በግልጽ አሳይቷል። እጅግ ራቅ ባሉት ረጨቶች ከዋክብቱን አንድ በአንድ መለየት ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለው ልኬት የሚወሰደው ከሚያበራው ጋዝ ወይም ከተጠራቀመው የከዋክብት ብርሃን ነው።

ምክንያቱ ላይ ሁለት አመለካከቶች አሉ። አንደኛው እንደ ገንፋይ ድስት ያየዋል፦ የትንሽ ረጨት ስበት ደካማ ስለሆነ ሱፐርኖቫዎቹ የሠሩትን ንጥረ ነገር ከነጋዙ ወደ ውጭ ይገፉታል፣ ለቀጣዩ ትውልድ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ሁለተኛው ደግሞ ትንሹ ረጨት ሥራው ዝግ ያለ ነው ይላል፦ ጋዙን ገና ወደ ኮከብ አልለወጠውም። ሁለቱ አይጋጩም፤ ማስረጃውም ለሁለቱም አለ። በእጅጉ ትናንሽ በሆኑት ረጨቶች ግን ገንፍሎ መፍሰሱ ያመዘነ ይመስላል፤ ዛሬ ጋዝ አልባ ሆነው የቀሩ ብዙዎቹ ናቸውና።

የማግኒዚየሙ ሰዓትም በትናንሾቹ ረጨቶች ለየት ያለ ውጤት ይሰጣል። አዝጋሚ ስለሆኑ ዝግተኛው ምንጭ ብረቱን ይዞ ሲደርስ እነርሱ ገና ብዙ አላከማቹም። በዚህ ምክንያት ብረታቸው ዝቅተኛ ሆኖ ሳለ የማግኒዚየማቸው ንጽጽር ቀድሞ ይወርዳል። ይህ ልዩ ምልክት አንድ ኮከብ ከየትኛው ረጨት እንደመጣ ለመለየት ጠቅሟል።

ከሌላ ረጨት የመጡ ከዋክብት

በ2013 እ.ኤ.አ. መጨረሻ የመጠቀው ጋያ የተባለው የአውሮፓ መንኮራኩር ወደ 2 ቢሊዮን የሚጠጉ ከዋክብትን አቀማመጥ መዝግቧል። በ2018 እ.ኤ.አ. ሁለት የተለያዩ የምርምር ቡድኖች በመረጃው ውስጥ ከቀሩት በተለየ አቅጣጫ የሚጓዙ ብዙ የሃሎ ከዋክብት አገኙ። ቅንብራቸው ሲታይ የማግኒዚየማቸው ንጽጽር በትንሽ ረጨት ውስጥ እንደተወለዱ ይመሰክራል። መደምደሚያው 10 ቢሊዮን ዓመት ገደማ አስቀድሞ አንድ ረጨት ከፍኖተ ሐሊብ ጋር ተጋጭቶ ተውጧል የሚል ነው፤ ስሙም ጋያ ኢንሴላደስ ተብሏል። የፍኖተ ሐሊብ ሃሎ ሰፊ ክፍል የዚያ ረጨት ቅሪት ነው።

በግንቦት ምሽት ደመና ከሌለ በደቡብ ሰማይ የሚታየው ኦሜጋ ሴንታውሪ የተባለው የከዋክብት ክምችትም እንዲህ ያለ ታሪክ ሳይኖረው አይቀርም። በተራ ክምችት ውስጥ ያሉ ከዋክብት የብረት መጠናቸው ከሞላ ጎደል እኩል ነው፤ በዚህኛው ግን በጣም ይለያያል። ስለዚህ ብዙዎች የተዋጠ ትንሽ ረጨት እምብርት ነው ይላሉ። የአንድሮሜዳ ሃሎ ደግሞ በከባድ ንጥረ ነገሮች ከእኛው በእጅጉ የበለጸገ ነው፤ ከእኛው ይልቅ ትልልቅ ረጨቶችን እንደዋጠች ያመለክታል።

ያልተቋጩ ክርክሮች

በፀሐይ አካባቢ ያሉ ከዋክብት በማግኒዚየም ንጽጽራቸው ሁለት ረድፍ ሠርተው ይገኛሉ። አንዱ ረድፍ በአብዛኛው ረጨቱ ውስጥ ወፈር ብሎ የተዘረጋው አሮጌ ዲስክ (ጠፍጣፋ ክፍል)፣ ሌላው ቀጭኑ ዲስክ ነው። አንድ ወገን ጋዙ በሁለት ዙር ስለወረደ ነው ይላል፤ በመካከሉ ሥራው ቀዝቅዞ ነበር። ሌላው ወገን ሁለት ዙር አያስፈልግም፣ የከዋክብቱ ስደት ራሱ ሁለቱን ረድፍ ሊፈጥር ይችላል ብሎ ይከራከራል። የመሀሉ እብጠት ዕድሜም ሙሉ ስምምነት የለበትም፤ በቅርብ ከተለኩት ከዋክብት የተወሰኑት ከተገመተው በጣም ያነሰ ዕድሜ አሳይተዋል።

የወርቅ ጉዳይም አለ። ወርቅንና መሰል ንጥረ ነገሮችን የሚሠራው ማን ነው? በ2016 እ.ኤ.አ. ሬቲኩለም ሁለት በተባለ እጅግ ትንሽ ረጨት ከተመረመሩት 9 ከዋክብት 7ቱ በዚህ ቡድን ንጥረ ነገሮች የተሞሉ ሆነው ተገኙ፤ አንድ ብርቅ ክስተት ረጨቱን በሙሉ እንደበከለው ግልጽ ሆነ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ የሁለት ኒውትሮን ከዋክብት፣ ማለትም ከፈነዱ ግዙፍ ከዋክብት የተረፉ እጅግ የታመቁ እምብርቶች፣ ግጭት በስበት ሞገድም በብርሃንም ታየ፤ የዚህ ቡድን ንጥረ ነገሮች ሲሠሩም ተመዘገበ። ሆኖም ግጭቱ እንዲደርስ ረጅም ጊዜ የሚወስድ ከሆነ በጥንታውያን ከዋክብት ውስጥ የተገኘው ብዛት እንዴት ይገለጻል? ብርቅ የሆኑ ሱፐርኖቫዎችም ድርሻ ሳይኖራቸው አይቀርም የሚሉ ስላሉ ጥያቄው ክፍት ነው።

ወደ ሁለቱ ወሬዎች እንመለስ። ዌብ እጅግ ጥንታዊ በሆኑ ረጨቶች ውስጥ ኦክስጅንና ናይትሮጅን ማግኘቱ ታላቁን ፍንዳታ አያፈርስም፤ ግዙፍ ከዋክብት በጥቂት ሚሊዮን ዓመታት ስለሚፈነዱ ለፈጣኑ ምንጭ በቂ ጊዜ ነበረ። እዚያ በእርግጥ የሚያከራክረው የናይትሮጅኑ ከሚጠበቀው በላይ መብዛት ነው። «በብረታ ብረት የደኸየ ኮከብ» የተባለውም በ2014 እ.ኤ.አ. እንደተገለጸው ኮከብ ያለ ነው፦ የብረቱ መስመር በመሣሪያው ሊታይ ስላልቻለ፣ ብረቱ ከፀሐይ ከአሥር ሚሊዮን አንድ እጅ በታች ነው ተባለ። በውስጡ ግን ካርቦን፣ ማግኒዚየምና ካልሲየም ስለተገኙ ከእርሱ በፊት ቢያንስ አንድ ኮከብ ፈንድቷል። ከከባድ ንጥረ ነገር ፍጹም ንጹሕ የሆነ የመጀመሪያው ትውልድ ኮከብ እስካሁን አልተገኘም።

ቀጥሎ ምን ይመጣል?

ልዩነቱ ለፕላኔቶችም ይተርፋል። በከባድ ንጥረ ነገሮች በበለጸጉ ከዋክብት ዙሪያ እንደ ጁፒተር ያሉ ግዙፍ ፕላኔቶች በጣም በዝተው እንደሚገኙ በ2005 እ.ኤ.አ. የወጣ ጥናት አረጋግጧል፤ እንደ ምድር ላሉ ትናንሾች ግን ግንኙነቱ ደካማ ነው። ስለዚህ በረጨቱ የትኛው ክፍል ምን ዓይነት ዓለማት ይበዛሉ የሚለው ጥያቄ ከዚሁ ቆጠራ ጋር የተሳሰረ ነው።

ጋያ በ2025 እ.ኤ.አ. ሥራውን ጨርሷል፤ ቀጣዩ የመረጃ ክምችቱ በ2026 እ.ኤ.አ. መጨረሻ እንዲወጣ ታቅዷል። በ2022 እ.ኤ.አ. የወጣው ክምችት የ5 ሚሊዮን ተኩል ያህል ከዋክብትን ቅንብር ይዟል። ይህ መረጃ ለማንም በነፃ የተከፈተ ነው። እንጦጦ ላይ የቆሙት ባለ 1 ሜትር መስታወት ሁለት ቴሌስኮፖች ለዚህ ዓይነት ሰፊ ቆጠራ አቅማቸው ውስን ነው፤ የሁለቱን ረድፎች ክርክር ለመመርመር ግን ቴሌስኮፕ የግድ አይደለም። በደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ያለ የፊዚክስ ተማሪ ኮምፒውተርና ኢንተርኔት ካገኘ፣ የማግኒዚየሙንና የብረቱን ቁጥር ከክምችቱ አውርዶ ሁለቱን ረድፎች በራሱ ገበታ ላይ መሣል ይችላል።